የባህረዲን ሳፋ

ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.፣ እሑድ፤ ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነበር። በዚያን ዕለት ማለዳ፣ ከጎጃም በረንዳ ወረድ ብሎ በሚገኘው በእትዬ የሻሽወርቅ ግቢ በር ላይ አንዲት ዱካ ተሰጥታኝ ተቀመጥኩ። ለሰው ሁሉ የተነገረው የሠርግ እንግዳ እንድቀበል ነው፤ እውነተኛው ሥራዬ ግን የወንድማቸውን ሞት ለእትዬ የሻሽወርቅ የሚነግር ሰው ከበሩ እንዳያልፍ መጠበቅ ነበር።

ወንድማቸው አቶ ደምመላሽ ዓርብ ማለዳ ቡሬ ላይ ዐርፈዋል። ወሬውን ቅዳሜ ወደ ማታ ያደረሰው ማር ጭኖ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እኛ ጥቂት የሰፈሩ ወንዶችም የሰማነው የማርና የቅቤ ነጋዴ በነበሩት በጋሼ ጎበዜ መጋዘን ውስጥ፣ በእንስራዎቹ መካከል ቆመን ነው። ጋሼ ጎበዜ የእትዬ የሻሽወርቅ የአገር ልጅ፣ የሟች ባላቸውም ሚዜ የነበሩ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ነገ ልጅ ትዳራለች" አሉን። "ድንኳኑ ተተክሏል፤ ጠጁ ደርሷል፤ በሬው ሌሊት ይታረዳል። ዛሬ ከሰማች ሠርጉ ፈረሰ። የወንዱ ወገን የለቅሶ ዓመት እስኪሞላ ይጠብቃል እንዴ? ሠርኬስ ከድንኳን የተመለሰች ሙሽራ ተብላ ልትቀር ነው? ከመልሱ ማግስት እናረዳታለን። እስከዚያ አፋችሁን ያዙ።" ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ "ማዕረግ፣ አንተ በሩን ትይዛለህ" አሉ። ከመካከላችን አይሆንም ያለ ሰው አልነበረም። ልማዱ ይኸው ነበርና፤ መርዶ ጊዜ ይፈለግለታል፣ ሰው ይመረጥለታል፣ ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይነገራል እንጂ እንደ ገበያ ወሬ በመንገድ ላይ አይወረወርም።

ግቢው በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ ክፍሎቹ በአንድ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተደረደሩበት ነበር። እኔ የዳሯን ክፍል በወር ስምንት ብር ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ቀን ቀን ደግሞ ወደ ጨርቅ ተራው በሚወስደው መንገድ ባለው በጋሼ ባህረዲን ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሠራለሁ። ዛሬ ያንን መንገድ ብትሄዱበት ፎቅ በፎቅ ሆኖ ሰማዩን አታዩትም። በዚያን ጊዜ ግን ከበረንዳው ላይ ሆኜ ቀና ስል የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታየኝ ነበር፤ ከጎጃም የሚመጡት መኪኖች ሲያራግፉ የማሩና የቅቤው ሽታ እስከ መርፌዬ ድረስ ይደርሳል፤ ከተክለ ሃይማኖት የሚወርደው የደወል ድምፅም የተሸካሚውን "ዞር በሉ!" እያለፈ ይሰማል። ሰው ሰውን በስሙ፣ ካልሆነም በአገሩ ያውቀው ነበር።

ስጦታም እንዲሁ ስምና አገር ነበረው። ዛሬ ብር በፖስታ ከትቶ ስምን መጻፍ ይበቃል፤ ኀዘንም በስልክ ይገለጻል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ሰው በዝቷል፣ መንገዱም ርቋል። በዚያ ዘመን ግን ለአራስ የሚወሰደው ሌላ፣ ለክርስትና ሌላ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ሌላ ነበር፤ ማን እንደሚሸከመው፣ በምን እንደሚሸፈን፣ ማን እንደሚቀበለው ሳይቀር ሥርዓት ነበረው። የሰፈሩ ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት "ምን ይዤ ልሂድ?" ብሎ የሚጠይቀው እትዬ የሻሽወርቅን ነበር። እሳቸውም ጥጥ እየፈተሉ፣ ዓይናቸውን ከእንዝርቱ ሳያነሡ ይመልሳሉ። አንድ ሰው ለአንድ ሠርግ ሁለት ጊዜ አይሰጥም ይሉ ነበር፤ የመጀመሪያው አንሷል ማለት ይሆንና ሰጪንም ተቀባይንም ያሳፍራል። ለደስታ የመጣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ጥቂት ቆሎም ቢሆን፣ አንዲት ሎሚም ብትሆን ጣል ይደረግበታል። ለለቅሶ የመጣ ዕቃ ግን ሳይታጠብ፣ ባዶውን ይመለሳል። "በለቅሶ ዕቃ ላይ ነገር አድርጎ መመለስ ኀዘኑን ለሰጪው መልሶ መላክ ነው" ሲሉ እኔው ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህንን እንደ ዳዊት የምናውቀው የግቢው ሰዎች ነበርን።

እንግዲህ በዚያ እሑድ ከማለዳ ጀምሮ ስጦታ በበሩ ይጎርፍ ጀመር። ጌሾ በመውቀጥ የረዱ ሴቶች ድስት ሊመልሱ፣ የዕድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ሊያስገቡ፣ አንዱ ሙክት ሲጎትት፣ ሌላው እንጨት በአህያ ጭኖ ሲያራግፍ በር በሩን እያየሁ አንገቴ ዛለ። ከድንኳኑ ጀርባ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች አለቃ የነበረችው ሸዋርካብሽ ደግሞ አላስቀምጥ አለችኝ።

"አያ ማዕረግ፣ ዛሬ ልብስ ሰፊነቱን ትተህ ዘበኛ ሆንክ?"

"እንግዳ ተቀባይ ነኝ።"

"ደመወዝህ ስንት ነው?"

"ምሳ።"

"እንግዲያው ተታለሃል! እኛ ቁርስም ጨምረውልናል" አለችና ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ወደቁ። ከመካከላቸው የሞቱን ነገር የምታውቅ አንዲትም አልነበረችም።

እትዬ የሻሽወርቅ አዲስ ጥበብ ለብሰው፣ መሐረባቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ከድንኳን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ድንኳን ይመላለሳሉ። በተመላለሱ ቁጥር በበሩ በኩል ብቅ ይላሉ። "ማዕረግ፣ ከጎጃም የገባ መኪና የለም?" ይሉኛል። "እስካሁን የለም እትዬ፤ መንገድ ላይ ይሆናሉ" እላቸዋለሁ። "ደምመላሽ እኮ ሲዘገይ ነው የሚያምርበት፤ በእኔም ሠርግ የደረሰው ጠጁ ካለቀ በኋላ ነው" ብለው ፈገግ ይላሉ፤ ይመለሳሉ። በድንኳኑ ውስጥ ከራሳቸው መቀመጫ አጠገብ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር አስቀምጠው ነበር። ከጎረቤት ተውሰው፣ ቀይ ከፋይ አልብሰው ያዘጋጁት ለወንድማቸው ነው። ልጅቱ አባት የላትምና ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው የሚመረቁት ከዚያ ወንበር ላይ በሚቀመጠው ሰው ነበር። ሕፃናት ሊቀመጡበት ሲሉ "ተዉ፣ የጋሼ ነው!" እያሉ ያስነሧቸዋል። እኔ ያንን ወንበር ላለማየት ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ረፋዱ ላይ በጋሼ ባህረዲን ሱቅ የሚሸከመው ቶላ አንድ ትልቅ የብረት ሳፋ በራሱ ላይ ተሸክሞ መጣ። ሳፋው በግማሹ ስኳር፣ በግማሹ ጥሬ ቡና ተሞልቷል፤ ሽፋን አልነበረውም። ጋሼ ባህረዲን ከስልጤ አገር በልጅነታቸው መጥተው በመርካቶ የከበሩ፣ በእትዬ የሻሽወርቅ ቤት ደስታም ሆነ ኀዘን ቀርተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ቶላን ሳየው ልጠይቀው እንኳ አላሰብኩም፤ "ግባ፣ ግባ" አልኩት። እትዬ የሻሽወርቅ እዚያው በሩ አጠገብ ነበሩና ሳፋውን አይተው ቆሙ።

"ማነው የላከህ?"

"ጋሼ ባህረዲን ናቸው፣ እትዬ።"

"ራሱ ነው የላከህ? ወይስ ሚስቱ?"

"ራሳቸው ናቸው። በእጃቸው ነው የሰፈሩት።"

"ምን በል አለህ?"

"'ሱቅ ዘግቼ ራሴ እስክመጣ ድረስ ይህን ተቀበዪኝ' ነው ያሉት።"

እትዬ የሻሽወርቅ ጎንበስ ብለው ከስኳሩ ጥቂት በጣቶቻቸው አነሡና መልሰው አፈሰሱት። ቀጥሎ ወደ እኔ ቀና አሉ። ያየኋቸው እኔ አይደለሁም፣ ያዩኝ እሳቸው ናቸው፤ አስተያየታቸውም እንደ ወትሮው "መኪና የለም?" የሚል አልነበረም። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም። እሳቸውም ለቶላ "ጓዳ አስገባው፤ ከሌላው ስጦታ ጋር እንዳትቀላቅለው" አሉት። ከዚያ ተከትለውት ገቡና የጓዳው በር ተዘጋ።

በሩ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይከፈት ቆየ። ሸዋርካብሽ ስለ ቅቤው ልትጠይቃቸው ሄዳ አንኳኳች፤ "መጣሁ" የሚል ድምፅ ብቻ ሰማች። ሲወጡ ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን እንደ ደስታ ቤት ሰው በወጉ ጥለውት ነበር። በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ሄዱና ከዕድሩ ሰዎች ጋር የቆሙትን ጋሼ ጎበዜን ጠሩ።

"ጋሼ ጎበዜ፣ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጡ።"

ጋሼ ጎበዜ ደነገጡ። "ይህማ የደምመላሽ ነው። ይደርስ ይሆናል እኮ፤ ጥቂት ብንጠብቀው..."

"ይቀመጡ። ሰዎቹ ሲመጡ ወንበር ባዶ አይሁን።"

እሳቸውም እሾህ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ዝቅ አሉ። ከዚያ ወዲያ እትዬ የሻሽወርቅ ወደ በሩ አልመጡም። "ከጎጃም የገባ መኪና የለም?" የሚለው ጥያቄም በዚያው ቀረ። እኔ የሠርግ ድካም አስረስቷቸው ነው ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ከቀትር በኋላ የሙሽራው ወገን ከተክለ ሃይማኖት በኩል በሦስት ታክሲና በአንድ ፊያት እየዘፈነ ደረሰ። ልጃገረዶቹ በሩ ላይ ተሰልፈው አናሳልፍም አሉ፤ ሚዜዎቹ ሽቶ እየረጩ፣ እየለመኑ፣ እየቀለዱ በመጨረሻ ገፍተው ገቡ። ጥሎሹ በጉባኤ ፊት ተዘርግቶ ታየ፤ ካባው ተነሥቶ ታየ፤ የወርቁ ሐብል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እትዬ የሻሽወርቅ እያንዳንዱን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ የመጣበትን ሰው ስም ጠርተው አስቀመጡ። አንድም ስም አልሳቱም።

ሙሽሮቹ ጉልበት የሚስሙበት ሰዓት ሲደርስ ሠርኬ ከእናቷ ጉልበት ተነሥታ ወደ ቀዩ ወንበር ዞረች፤ አጎቷን አጥታ ዓይኗ ተንከራተተ። "የእማዬ ጋሼስ?" አለች በቀስታ። ድንኳኑ ውስጥ የሞቱን ነገር የምናውቀው ሰዎች ሁሉ እግራችንን አየን። እትዬ የሻሽወርቅ ግን "መንገድ ይዞታል፤ ጋሼ ጎበዜ በእሱ ፈንታ ተቀምጠዋል፤ ሳሚ" አሏት። ልጅቱ ሳመች። ጋሼ ጎበዜ እጃቸውን በራሷ ላይ አድርገው "ውለጂ፣ ክበጂ" ብለው ጀመሩና አቋረጡ። ሁለተኛ ጀምረው ሁለተኛ አቃታቸው።

"ይመርቁ እንጂ" አሉ እትዬ የሻሽወርቅ፤ ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ ለሁሉም የሚሰማ ነበር። "በወንድሜ ቦታ ነው የተቀመጡት። የእሱን ምርቃት አያሳንሱባት።"

ጋሼ ጎበዜ እንባቸው ጺማቸው ላይ እየወረደ መረቁ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ረጅም ምርቃት ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም። ሰዉ እንባውን የደስታ አድርጎ ተቀበለው፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እናትየዋ አላለቀሱም።

ሙሽሪት ወጥታ፣ ፀሐይ ወደ ኮልፌ ማዘንበል ስትጀምር፣ ጋሼ ባህረዲን ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው እያዘገሙ መጡ። የከበሮውን ድምፅ ሲሰሙ ከበሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ማዕረግ፣ ይህ ከበሮ ምንድን ነው?"

"የሠርኬ ሠርግ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ሠርጉ አልቀረም?"

ተነሥቼ ክንዳቸውን ይዤ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኳቸው። "ከማን ሰሙ?"

"ከሾፌሩ ነው እንጂ! ጠዋት ሳሙና ሊገዛ መጥቶ ነገረኝ።"

"እሳቸው አልሰሙም። ከመልሱ በኋላ ነው የሚረዱት።"

"ያ አላህ! ሞት እንዴት ይደበቃል?" አሉ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው። "በእኛ ዘንድ እኮ ሦስት ቀን ሳያልፍ ነው የሚደረሰው። ዛሬ ሦስተኛው ነው ብዬ አይደለም እንዴ ስኳሩንና ቡናውን በጠዋት ያስቀደምኩት!"

"እኛማ የሠርግ ስጦታ መስሎን ነው።"

"ምን ነካህ? የሠርጉንማ ማክሰኞ ሰጥቻለሁ! ያንን ምንጣፍ አንተው አይደለህ እንዴ ጠርዙን የሰፋኸው?"

እኔ ነበርኩ። ቀዩን ምንጣፍ በበረንዳው ላይ ጠርዙን ቀምቅሜ፣ ለእትዬ የሻሽወርቅ ራሴ አድርሼ፣ ሲያመሰግኑ ሰምቼ ነበር። ሁለታችንም ተያየን። ያን ጊዜ የተዘጋው የጓዳ በር ትዝ አለኝ፤ ባዶ እንዳይሆን የተባለው ወንበርም ትዝ አለኝ።

"ልመለስ" አሉ ጋሼ ባህረዲን። "በምን ፊቴ አያታለሁ?"

"ባህረዲን!" የሚል ድምፅ ከድንኳኑ ደጃፍ መጣ። እትዬ የሻሽወርቅ ናቸው። "በር ላይ ቆመህ ምን ታወራለህ? ግባ እንጂ። ጎረቤታችን ጠሀ ትናንት በእናንተ ወግ ባርኮ ያረደው በግ ማዕዱ ለብቻ ተቀምጦላችኋል፤ ወንድሞችህ በልተው ሊነሡ ነው።" መጥተው እጃቸውን ዘረጉላቸው። ጋሼ ባህረዲን በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እሳቸውም "ብላ፤ የልጅህ ሠርግ ነው" ብለው አስገቧቸው። ጋሼ ባህረዲን ለመቅመስ ያህል በሉ።

እንግዳው ተሸኝቶ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋሼ ባህረዲን ሊሄዱ ሲነሡ፣ እትዬ የሻሽወርቅ ወደ ጓዳ ገብተው ሳፋውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ያን ቀን ከዚያ ግቢ የወጣ ዕቃ ሁሉ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሎሚ ተደርጎበት ነበር የወጣው፤ ሸዋርካብሽ በሩ አጠገብ መሶብ ሙሉ አዘጋጅታ ትሰጥ ነበር። ይህንንም ሳፋ ስታይ "ቆዩ እትዬ፣ ዳቦ ላድርግበት" ብላ እጇን ሰደደች። "ተዪው" አሏት። ሳፋው አልታጠበም፤ በጠርዙ ላይ የስኳር ርጋፊ ይታያል። ባዶውን ለጋሼ ባህረዲን ሰጧቸው። ጋሼ ባህረዲንም ውስጡን አዩ፤ እሳቸውን አዩ፤ በብብታቸው ይዘው ወጡ። በእኔ አጠገብ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ "ሰምታለች" አሉኝ።

እኔም ለጋሼ ጎበዜ ልንገራቸው ወይስ ልተው እያልኩ አመነታሁና ተውኩት። ሴትዮዋ የያዙትን ከእጃቸው መንጠቅ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት በበረንዳዬ ላይ ሆኜ ሲያልፉ አያቸዋለሁ፤ ለመልሱ ዶሮ ይገዛሉ፤ በዋጋ ይከራከራሉ፤ "ልጄን ድሬ ደኸየሁ" እያሉ ነጋዴውን ያስቃሉ። መልሱም በዘፈን አለፈ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ጎበዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ፤ የግቢው ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተከተላቸው። ገና በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እትዬ የሻሽወርቅ ቆመው ነበር። ጋሼ ጎበዜ በልማዱ መሠረት ዳር ዳሩን አወሩ፤ ስለ ሕመም፣ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ ተናገሩ፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አዳመጡ። የወንድማቸው ስም ሲጠራ ግን ከዚያ እሑድ ጀምሮ የተገደበው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ለቅሶ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም።

ያው የሠርጉ ድንኳን ሳይፈርስ የለቅሶ ድንኳን ሆነ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው ንፍሮውን፣ ዳቦውን፣ ቡናውን እየያዘ ገባ። ጋሼ ባህረዲን ግን ባዶ እጃቸውን መጥተው ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። ሸዋርካብሽ አጠገቧ ላሉት ሴቶች፣ ቀስ ያለች መስሏት፣ "አይ ባህረዲን! ያን የሚያህል ሱቅ ይዞ እፍኝ ቡና ነሳት?" አለች።

ከምንጣፉ ላይ እትዬ የሻሽወርቅ ቀና አሉ። ድምፃቸው በለቅሶ ሰልሎ ነበር።

"እሱን ተዪው። ባህረዲን ከሁላችሁም ቀድሞ ደርሶልኛል። እሑድ ነው የደረሰልኝ።"

ጋሼ ጎበዜ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መልሰው አኖሩት።

"እሑድ?" አሉ። "እንግዲያው ያ ወንበር..."

"አዎ ጋሼ። ስላሰባችሁልኝ እግዜር ይስጣችሁ" አሉ እትዬ የሻሽወርቅ። "ልጄን የዳርኳት ግን እኔ ነኝ።" ከዚያም ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሁሉም ዐልፈዋል። ጋሼ ባህረዲን ሱቁን ለልጃቸው ትተው ሞቱ፤ ግቢውም ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል። እኔም ይህን የጻፍኩት ማስታወሴን ብዙ ሳልተማመንበት ነው። የሾፌሩ ስም ጠፍቶብኛል፤ መልሱ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ እጠራጠራለሁ፤ ሳፋው ሰማያዊ ይመስለኛል፤ ሠርኬ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ስንገናኝ አረንጓዴ ነበር ብላኛለች። ያንን ግቢ የሚያውቅ፣ ወይም ከወላጆቹ የሰማ አንባቢ ቢኖር፣ የጎደለውን እንዲሞላልኝ፣ የተሳሳትኩትንም እንዲያርመኝ በትሕትና እለምነዋለሁ።